ጾመኞቹ ድንጋዮች

አባቴ ባረፈ ጊዜ እናቴን ከሞጣ ወደ ቢቸና ያመጣኋት እኔ ነኝ። የአርባው ተዝካር እንዳለፈ ቤቱን ቆለፍሁ፤ ቁልፉን በቦርሳዬ ያዝሁ፤ እሷን ሚኒባስ ላይ አሳፈርሁ። ብቻዋን ተቀምጣ በሐዘን እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ገና መንገድ ላይ ሳለን፣ «መቼ ትመልሽኛለሽ?» አለችኝ። ቁልፉ ያለበትን ቦርሳ ወደ ጎኔ ሳብሁት።

ቤቴ ከገባች በኋላ ከጧት እስከ ማታ አንድ ቃል ብቻ ነበረኝ፤ «እማዬ ተይው፣ እኔ አለሁ።» መጥረጊያ ስታነሳ ከእጇ እቀበላለሁ። ምስር ልልቀም ስትል ቀድሜ ለቅሜዋለሁ። ዓይኗን እንዳያማት ብዬ እንዝርቷን ሳይቀር ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀልሁባት። ስለዚህ ከቁርስ በኋላ በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮዎቼ አጠገብ ትቀመጣለች።

ቆርቆሮዎቹ የቲማቲም ድልህ የመጣባቸው ነበሩ። ታቻቸውን በምስማር በስቼ፣ የወንዝ አሸዋና ጠጠር ሞልቼ፣ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ያመጣልኝን ተክል ተክዬባቸዋለሁ። ሻጩ ሕያው ድንጋይ ይባላል ብሎታል። ግንድ የለው፣ ቅርንጫፍ የለው፤ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ዳማ፣ አንዱ ቡራቡሬ፣ ከጠጠሩ መሀል ገብቶ ዝም ያለ ነገር ነው። ዓመት ሙሉ ጠብቄ አንዱ ቢጫ አበባ ቢያወጣልኝ ልጅ የወለድሁ ያህል ደስ ብሎኛል።

እናቴ ግን መጀመሪያ ያየችው ቀን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። «ዕድሜ ልኬን ከምስር እየለቀምሁ የጣልሁትን ጠጠር አንች ትኮተኩችዋለሽ?»

አባቴ ካረፈ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ስላለኝ ነገሩን አስረዳኋት። እያንዳንዱ ሁለት ወፍራም ቅጠል ነው፤ መሀሉ እንደ አተር ክክ የተሰነጠቀ። በበጋ ከስንጥቁ ውስጥ አዲስ ጥንድ ይወጣል፤ አዲሱ የሚጠጣው የአሮጌውን ውሃ ነው። አሮጌው ተጨማዶ ወረቀት እስኪሆን ድረስ ጠብታ ውሃ አይነካውም። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር።

«ይጾማል በይኛ!» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባቂያቸው ሆነች። ጎረቤታችን አዝናላቸው በጣሳ ውሃ ይዛ ብትመጣ፣ «ተይ፣ አታስገድፊብኝ» ብላ ትመልሳታለች። የተጨማደዱትን ቅጠሎች እየዞረች ስታይ ፊቷ ይፈካል። እኔም መቼ ትመልሽኛለሽ ማለቷን ረሳችው ብዬ ተጽናናሁ።

የፋሲካ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዶሮው ሳይቀርብ በፊት ጣሳዋን ይዛ ወጣች። ሁሉንም አስፈሰከቻቸው። አንዳንዶቹ ገና አሮጌ ቅጠላቸው ወፍራም ነበር፤ ነገር ግን በበዓል ቀን አንድ ጊዜ ቢጠጡ ምን ይሆናሉ ብዬ ተውኋት።

ግንቦት ገብቶ አንድ ዓርብ ከሥራ ስመለስ ግራጫውን በጣቴ ነካሁት፤ እንደ በሰበሰ ቲማቲም ፈረጠ። ቡራቡሬውም እንደዚያው። ጠጠሩ ጨቅይቷል።

«እማዬ፣ ውሃ ሰጠሻቸው እንዴ?»

«በየቀኑ ነዋ፣ አንች ሥራ ስትሄጂ። በዓለ ሃምሳ አይደል? ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ እኔ እየበላሁ እነሱ ይጠሙ?»

መናደድም መሳቅም አቃተኝ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ የቀረውን ስፈትሽ ዳማው ብቻ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት፤ ከበረንዳው ጥግ ስለነበር እጇ በደንብ አልደረሰውም። እናቴ የፈረጠውን በመዳፏ ይዛ አገላብጣ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«በደግነት ገደልሁት» አለች። «ምን ያድርግ፣ በቃኝ የሚልበት አፍ የለው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔስ አፍ ነበረኝ። የሚሰማኝ አጣሁ እንጅ። ልጄ፣ ቁልፌን ስጭኝ።»

ቁልፉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እንዝርቷን ከቁም ሳጥኑ ላይ ሳወርድ አቧራ ለብሶ ነበር።

እሁድ ወደ ሞጣ ወሰድኋት። ገና በሩ ሲከፈት ነጠላዋን አደግድጋ መጥረጊያ ፈለገች። እኔ ደጃፉ ላይ እጄን አጣጥፌ ቆምሁ፤ እንደዚያ የከበደኝ ሥራ የለም። ዳማውን ከነቆርቆሮው መስኮቱ ሥር አስቀመጥሁላት።

አሁንም ስልክ ስደውል ልቤ አያርፍም። በላሽ ወይ፣ ማን አለ አጠገብሽ ልላት እየቃጣኝ፣ እንዳላበዛባት ብዬ ስለ ተክሉ እጠይቃታለሁ። በዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ «አዲሱ ቅጠል ታየ?» አልኋት።

«ብቅ ብሏል» አለችኝ። «አሮጌው ግን ገና አልጨረሰም። አትቸኩይ።»