የእኅቴን ሥራ የሰወርሁት እኔ ነኝ

ይህን ለማንም አልተናገርሁም። ለእናቴ አልተናገርሁም። የንስሐ አባታችን ቤታችን በመጡ ቁጥር ጉልበታቸውን ስሜ ዝም ብያለሁ። ለማያውቁኝ ለእርስዎ መናገሩ ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ምናልባት ፊትዎን ስለማላይ ይሆናል።

እኅቴ ዝናሽ ቤሩት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ ኮምፒውተር ቤት ከፈተች። ጽሑፍ ትተይባለች፣ ፎቶ ታነሣለች፣ ኮፒ ታደርጋለች። እኔ ያኔ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነበርሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እረዳታለሁ። እረዳታለሁ ልበል እንጂ እጄ አያርፍም ነበር። ዊንዶውስ ለማንም የማያሳያቸው ቅንብሮች አሉት፤ ሬጅስትሪ የሚባል ቦታ ተደብቀው የሚቀመጡ። እዚያ ገብቶ አንዲት ቁጥር የቀየረ ሰው የኮምፒውተሩን መልክና ጠባይ ይለውጣል። ይህን ከኢንተርኔት እየለቃቀምሁ በራሴ ተማርሁ። ከስክሪኑ ታች ጥግ ያለውን ሰዓት አጠፋሁት። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የእኅቴን ስም እንዲጽፍ አደረግሁ። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሥራ ላይ ናት፤ የለመደችው ነገር ከቦታው ሲጠፋባት ትበሳጫለች።

ያ ረቡዕ እንደ ማንኛውም ረቡዕ ነበር። ከጉና ተራራ በኩል የሚነፍሰው ብርድ ስላየለ በሩን ገርበብ አድርገን ነበር የምንሠራው። ደንበኞች ቆመው እየጠበቁ ሳለ እኅቴ የምትፈልገውን ምልክት ከስክሪኑ ላይ አጣችው። ማክሰኞ ያነሣሁት እኔ ነበርሁ። ተናደደች፤ ከዚያ ሳቀችና ለሰዎቹ፣ «ይኸ ልጅ በሬ ቢሰጡት ቀንዱን ነቅሎ ጭራው ላይ ይተክላል» አለቻቸው። ሁሉም ሳቁ። ከመካከላቸው አንዲት የክፍሌ ልጅ ነበረች፤ እሷም ሳቀች። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሰው በዚህ ቂም ይይዛል? እኔ ያዝሁ።

እኅቴ ለምሳ ስትወጣ ሬጅስትሪው ውስጥ ገባሁና «ዲ» የሚባለውን የኮምፒውተሩን ክፍል ሰወርሁት። የደንበኞቿ ሥራ ሁሉ፣ የኮሌጅ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰርግ ፎቶ፣ የሚቀመጠው እዚያ ነው። አላጠፋሁትም። ሁሉም ቦታው ላይ ነው፤ እንዳይታይ ብቻ አደረግሁት። የጻፍኋትን ቁጥር ብሰርዛት ተመልሶ ይታያል። ስትጨነቅ «አዲሱ፣ እባክህ» እንድትለኝ ነበር የፈለግሁት። ያኔ እንደ ባለሙያ ተቀምጬ ላስተካክልላት። ያ ሁሉ ሰው እያየ።

ተመልሳ ስታየው ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ነካክተኸው ነበር እንዴ?» አለችኝ።

«እኔ አልነካሁም። ቫይረስ ይሆናል» አልሁ።

አመነችኝ። የሚጎዳኝ ይኸ ነው፤ አመነችኝ። ጽሑፉን በቶሎ ማስረከብ የነበረበት አንድ የኮሌጅ ተማሪ ሊያለቅስ ደረሰ። እሱን አጽናንታ ከሸኘችው በኋላ እሷ አለቀሰች። እኔ «እባክህ» እስክትል እጠብቃለሁ። አላለችም። እንዴት ትላለች? መፍትሔው እኔ ዘንድ መሆኑን ማን ነገራት? ባሕር ዳር የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ሰው እንዳለ ጠያይቃ ደረሰችበት፤ ጠዋት ኮምፒውተሩን ይዛ ልትሄድ ቆረጠች። እራት ላይ ልንገራት አልሁ። ብነግራት ግን ውሸቴም አብሮ ይወጣል። ሄዳ ትምጣ፣ እዚያ ያስተካክሉላታል አልሁ። እንዲህ ብዬ ነው እንጀራዬን የበላሁት።

ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ መናኸሪያ ድረስ የተሸከምሁላት እኔ ነኝ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አብሬያት ቆየሁ። ሰው አልመጣ ብሎ ብዙ ቆየን። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አፌ ድረስ መጣ። ዋጥሁት። እሷ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ አቅፋዋለች። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ትናንት ስቀልድብህ ከፍቶሃል አይደል?» አለችኝ። «አይዞህ። ሲያስተካክሉት አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ፤ መጥቼ አሳይሃለሁ። አንተ ይኸን ነገር ትወዳለህ።»

መኪናው ወደ ወረታ በሚወርደው መንገድ ላይ ተገለበጠ።

ከሰዓት በኋላ ሬሳዋን አመጡልን። ኮምፒውተሩንም አንድ ደግ ሰው ከነብርድ ልብሱ አመጣልን፤ ጎኑ ተጨራምቷል። አንዱ ፍሬኑ ነው ይላል፣ ሌላው ጉሙ ነው ይላል። ይሁን። እሷን ግን እዚያ መኪና ውስጥ ያስገባት ማን ነው? ፍሬኑ ነው? ጉሙ ነው? ልጅ ነበርሁ ማለት እችላለሁ፤ አልልም። ልጅ ሐሰትን ያውቃል። እኔ አውቅ ነበር። ይቅርታም ቢሆን ከማን እንደምጠይቅ አላውቅም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ነበረች።

አርብ ጠዋት፣ ለቀብሩ ገና ሰው እየተሰበሰበ ሳለ፣ ፊት ፊት የሚያዝ ፎቶ ታጣ። የሰው ፎቶ ስታነሣ የኖረች ልጅ የራሷ የታጠበ አንድ እንኳ አልነበራትም። ያላት ሁሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ እሱን ደግሞ ቫይረስ በልቶታል ተብሏል። እናቴ ደረቷን እየመታች «መልኳንም ወሰደብኝ» ትላለች። ተነሣሁ። ሱቁን ከፈትሁ። የተጨራመተውን ኮምፒውተር ሰካሁት፤ ተነሣ። የእኅቴን ስም ጻፈ። ሬጅስትሪው ውስጥ ገብቼ ያችን ቁጥር ሰረዝኋት። ዲ ተመለሰ። አንድም የጎደለ አልነበረም። ሻይ ለማማሰል የሚፈጀውን ያህል እንኳ አልፈጀብኝም። እኅቴን የምታህል ሰው ለዚህ ሄደች። ፎቶዋን መርጬ አተምሁት፤ ቀለሙ እስኪደርቅ በሁለት እጄ ይዤ ቆምሁ።

ድንኳኑ ውስጥ ይዤው ስገባ ለቅሶው ጋለ። አጎታችን አያ ሞላ ትከሻዬን ይዘው «እጅህ ይባረክ። የጠፋውን አወጣኸው» አሉ። እናቴ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ለሴቶቹ፣ «ይኸ ልጄ ባይማር ኖሮ መልኳንም አላይ ነበር» አለቻቸው። ከበው መረቁኝ። እናቴ ፊቴ ነበረች። አያ ሞላ ነበሩ። ያ የኮሌጅ ተማሪ እንኳ በሩ አጠገብ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ከዚያ የተሻለ የመናገሪያ ሰዓት በዕድሜዬ አላገኝም።

አንገቴን ደፍቼ «አሜን» አልሁ።