እህቴ ዩኒቨርሲቲን የተወችበት ዓመት

ጅዳ የምሠራበት ቤት የማዳም የመጨረሻ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች ሰሞን ነበር። ሥዕል ነፍሷ ነው። አንድ ቀን ሩዝ ሳጥብ ወጥ ቤት ገብታ፣ የትኛው ትምህርት ደህና ደመወዝ እንዳለው ስልኳን ጠየቀችው። ስልኩ ዘረዘረላት፤ ሥዕል አልነበረበትም። «ኸላስ፣ በቃ ኮምፒውተር» ብላኝ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ታናሽ እህቴ ከወሎ በቪዲዮ ደወለች።

«እታለም፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያውን አልፌያለሁ!»

«አልሐምዱሊላህ!» እልል እንዳልል ማዳም ትሰማለች፤ ሻሼን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ከትምህርት ቤቷ ያለፉት በጣም ጥቂት ነበሩ።

«ግን አልገባም» አለች።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንቺስ በማኔጅመንት ተመርቀሽ፣ ሥራ አጥተሽ አይደል የሄድሽው? ተምሬም መምጣቴ ካልቀረ አሁኑኑ ልምጣ።»

«እኔን አትዪ።»

«ማንን ልይ ታዲያ? ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር የሚመጡልኝ እዚያ ያሉ የአገራችን ልጆች ናቸው። አባያ ለብሰው፣ ወርቅ አድርገው፣ ባሕሩ ዳር ይስቃሉ።»

«ያ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ሽንት ቤት ሲያጥቡ ማን ይቀርጻቸዋል?»

አላመነችኝም። እናታችንም አልከለከለቻትም። ምዝገባው አለፈ፤ እሷም በኮንትራት መካ፣ ሩሰይፋ ሰፈር አንድ ቤት ገባች።

በረመዳን የማዳም ቤተሰብ ለዑምራ ሲሄድ እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። ለምኜ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ እህቴን እንዳይ ተፈቀደልኝ። ከምትሠራበት ሕንፃ በር ላይ አገኘኋት። ከስታለች፤ የጣቶቿ ቆዳ በበረኪና ተልጧል። እጇን ይዤ ቆየሁ።

«ያን ቪዲዮ ሳትረግሚው አልቀረሽም» አልኳት።

«ቪዲዮው አይደለም ያመጣኝ። ቤታችን አንቺ በላክሽው ብር ቆርቆሮ ሲለብስ አየሁ። ያስተማሩኝ መምህሬ ደግሞ እስከ ዛሬ የሰው ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት።»

እውነቷን ነበር።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን። እሷ ጫማዋን እያየች ቀስ ብላ «ዩኒቨርሲቲ ግን ምን ይመስላል?» አለችኝ።

ስለ ዶርሙ፣ ስለ ካፌው ሰልፍ፣ በፈተና ሰሞን ላይብረሪ ውስጥ ቦታ ለመያዝ ስለመሯሯጣችን ነገርኳት። አንድም ቃል እንዳያመልጣት አፍ አፌን ታየኝ ነበር። ገና የመጀመሪያውን ዓመት ሳልጨርስላት ከላይ አሠሪዋ በአረብኛ ተጣራች፤ እህቴም ብድግ ብላ ሮጠች።