ድንጋይ የሚቆረጥም ጥርስ

ቃሊቲ አስፋልት ዳር ጎማ የሚጠግነው ቀናው ምክር አይሸጥም፤ በነጻ ነው የሚያድለው። የተበላ ጎማ ይዞ የመጣ ሾፌር ሁሉ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ «እንዲህ ሳያልቅ ብታመጣው ምን ነበረበት?» የሚለውን ስብከት ቆሞ መስማት ግዴታው ነው።

ወደ ራሱ ጥርስ ሲመጣ ግን ሌላ ሰው ነው። ፒንሳ አጠገቡ እያለ ሽቦ በጥርሱ ይቆርጣል። የራሳቸውን ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች የጤና ኢንሹራንስ የምትሸጠው ሶሊያና፣ የጥርስ ሕክምናን የሚጨምር ውል ይዛ ስትመጣ ሁለቴ ስቆ መልሷታል። «የጥርስ ኢንሹራንስ? ነገ ደግሞ ለጢሜ ትይኛለሽ!»

ዘንድሮ የቀኝ መንጋጋው ያዘው። ሕመሙ ጆሮው ድረስ ሲወጣ፣ ሱቁን ዘግቶ በዋለ ቀን ደመወዝ የሚልክለት መሥሪያ ቤት እንደሌለው፣ ሐኪም ቤትም በባዶ ኪስ እንደማይገባ ትዝ አለው። ኢንሹራንስ እንዴት ያለ ጠቃሚ ነገር እንደሆነ በድንገት ተገለጠለትና ራሱ ደውሎ ሱቁ ድረስ ጠራት።

ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ከውሉ በፊት የታመመ ጥርስ አይሸፈንም።

«የሚያምዎት ጥርስ አለ፣ ጋሽ ቀናው?»

«እኔን? ድንጋይ ይቆረጥምልኛል!» አለ፣ ጉንጩን እንዳይዝ እጁን ኪሱ ከትቶ።

እዚህ ላይ ቢበቃው ተሳክቶለት ነበር። ግን ደስታው አላስችል ብሎት ከጎረቤት ምግብ ቤት ጥብስ አዘዘና ጋበዛት። እሱ በግራ በኩል ቀስ እያለ ያላምጣል። ሶሊያና ደግሞ ጨዋ ያሳደጋት ልጅ ናት፤ ታላቅ ሰው ጋብዟት ሳታጎርስ አትነሳም። ጠቅልላ ዘረጋችለት። እንዴት እምቢ ይላል? በግራ ተቀበለ። ያንን ሳይውጥ ሁለተኛው መጣ፤ አንዴ ብቻ አጉርሶ መተው ነውር ነዋ! ግራው ሞልቷል፤ የቀረው ቀኙ ነው።

ጩኸቱ ከአስፋልቱ ማዶ ተሰማ።

«ይቅርታ ጋሽዬ» አለች ሶሊያና፣ ከልቧ አዝና። «ይቺ እንኳን አትሸፈንም። ለሌሎቹ ግን አሁንም መፈረም ይችላሉ።»

ጥርሱ ብቻ አልነበረም ያመመው፤ ልጁ በምትሆን ሴት ፊት ውሸቱ መጋለጡ አሳፈረው። ቢሆንም አልተሸነፈም። «ሌሎቹማ ደህና ናቸው» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ደህና ጥርስ ምን ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል?»

ይህን ተናግሮ ሳይጨርስ ሮሪሳ የሚባል የተሳቢ ሾፌር ሽቦው የወጣ ጎማ እያንከባለለ ደረሰ። የቆየ ደንበኛ ነውና ሥርዓቱን ያውቃል፤ ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ስብከቱን ለመስማት እጁን አጣምሮ ቆመ። ቀናው አፉን ከፈተ። ጎማውን አየ፣ ሶሊያናን አየ፣ መልሶ ዘጋው።

«ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለ ሮሪሳ ግራ ገብቶት። «ተናገረኝ እንጂ! ደህና መስሎኝ ነው እኮ ያቆየሁት።»