ወንድሜን በክርክር ያሸነፍኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ለእናንተ ይሁን። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ሽማግሌያችን ጋሽ በየነ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ፣ ሦስቴም "ትንሽ ይቆይልኝ" ብያቸው ነበር። የእኔ ምስክርነት የሚያስጨበጭብ ዓይነት አይደለም። ከደከመው ሰው ነው የምትሰሙት፤ ታገሡኝ። ጌታ ግን ይባረክ፣ የደከመውንም ይሰማል።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ እዚሁ ቦንጋ የታሪክ መምህር ነኝ። የተወለድኩት ማንኪራ ነው። አባቴ የጫካ ቡና ለቅመው፣ ዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅለው ነው ያሳደጉን። እናታችን ስትሞት ታናሽ ወንድሜ ምትኩ አምስት ዓመቱ ነበር፣ እኔ ደግሞ ገና ሥራ መያዜ ነበር። አባባን አስፈቅጄ ወደዚህ አመጣሁት። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ወባ ሲይዘው አዝዬ የሮጥኩት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ወይንሸት "እኔ እኮ ያገባሁት ልጅ ያለው ሰው ነው" እያለች ትቀልድ ነበር። ምትኩ እስከ ዛሬ ጋሼ ነው የሚለኝ። ይህን የምነግራችሁ፣ ወንድም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ እንድታውቁልኝ ነው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ በኋላ ምትኩ ነርስነት ሊማር አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ ነጭ ሸሚዝ ከነክራባቱ የለበሱ ሁለት ወጣት ፈረንጆች ያገኛል። ሞርሞኖች ናቸው። እንግሊዝኛውን ላሻሽል ብሎ ነበር የቀረባቸው። ተመርቆ ቢታ ገነት ጤና ጣቢያ ሲመደብ ግን፣ በእነርሱ እምነት ተጠምቆ መጣ።

እኔ ይህን ያወቅኩት ማንኪራ፣ አባባ ቤት ነው። አባባ ራሳቸው ከለቀሙት ቡና ቀድተው ሰጡት። ምትኩ ሲኒውን በሁለት እጁ ተቀበለና መሬት ላይ አስቀመጠው። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቡና ትቻለሁ" አለ። እምነቱ እንደማይፈቅድለት አስረዳ። አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ ልጁ ከማን ጋር ተጣልቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። ለከፋ ሰው፣ ያውም የቡና መገኛ ለምትባለው ለማንኪራ ሰው፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም።

ከዚያ መጽሐፉን አሳየኝ። የማታውቁት ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ አሜሪካዊ ወጣት፣ መልአክ የወርቅ ሰሌዳዎች ሰጠኝ አለ። በጥንት ግብፅ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ነው፣ በእግዚአብሔር ኃይል ተረጎምኩት አለ። ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ባሕር ተሻግረው አሜሪካ የገቡ ሰዎች ታሪክ ነው ይላሉ። ሰሌዳዎቹ የት አሉ ሲባል፣ መልአኩ መልሶ ወስዷቸዋል።

ቅዱሳን፣ እውነቱን ልናዘዝ። ወንድሜ ጠፋ ብዬ ማልቀስ ሲገባኝ፣ ሥራ እንዳገኘ ሰው ነቃሁ። ታሪክ ነው ያጠናሁት። ይህ ለእኔ የተዘጋጀ ጨዋታ መሰለኝ።

በፈረስ ጀመርኩ። መጽሐፉ በጥንቷ አሜሪካ ፈረስ ነበር፣ ስንዴ ነበር፣ ብረት ነበር ይላል። ፈረስማ ከስፔኖች ጋር በመርከብ ነው የገባው አልኩት። በሚቀጥለው ወር ከቢታ ሲመጣ የታተመ ወረቀት በክንዱ ይዞ መጣ። እነዚያ ሰዎች መጽሐፋቸውን የሚከላከሉ ምሁራን አሏቸው። ተራ ሰዎች አይደሉም፤ ዕብራይስጥ የሚያነቡ፣ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው። አዲስ አገር የገባ ሰው የማያውቀውን እንስሳ በሚያውቀው ስም ይጠራል ይላሉ። ምትኩ ይህን ካነበበልኝ በኋላ "ጋሼ፣ በሰሜን በቆሎን የባሕር ማሽላ ይሉታል ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። በቆሎ ማሽላ ነው እንዴ?" አለኝ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት ሄደ። መጽሐፉ ውስጥ፣ ሐሳቡ ሄዶ ሄዶ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ የሚመለስ የዕብራውያን አነጋገር አለ፤ ያልተማረ የገጠር ወጣት ይህን ከየት አመጣው ይላል ምትኩ። የእኛ የከፋ ሽማግሌዎችም ሲመርቁ እንዲሁ ይመላለሳሉ፣ ከኢየሩሳሌም ነው የመጡት? እላለሁ። የመን ውስጥ በተገኘ የጥንት ድንጋይ ላይ መጽሐፉ የጠቀሰው የቦታ ስም ተጽፏል ይላል። አናባቢ የሌለው ሦስት ፊደል ምንም ሊሆን ይችላል እላለሁ። ሲዲኤምኤ የሚሉትን መገናኛ ገዛሁና፣ መብራት ባለ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ተጣድኩ። የመምህራን የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ እንኳ ደብተሬ ላይ ለምትኩ የምመልሰውን ነበር የምጽፈው። አራት ደብተር ሞላሁ።

አንድ ቀን ወይንሸት ልብስ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ስለ ምትኩ ስታወራ እንጂ ስለ ምትኩ ስትጸልይ ሰምቼህ አላውቅም" አለችኝ። ተቆጣኋት። ለእውነት እየተጋደልኩ ነው አልኳት። ሁለተኛ አላነሣችብኝም።

ከዚያ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ለወጣቶች ፕሮግራም አዘጋጀሁ። ምትኩን ለውይይት ና አልኩት። በሺሺንዳ በኩል ያንን ሁሉ ጭቃ መንገድ አቋርጦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። እኔን አምኖ ነው የመጣው። ከእናንተም መካከል ያን ዕለት የነበራችሁ አላችሁ።

ያን ቀን ያነሣሁት ስለ ሌላው መጽሐፋቸው ነበር። ያ አሜሪካዊ ወጣት ፓፒረስ የሚሉትን የጥንት የግብፅ ጥቅልል ገዝቶ፣ አብርሃም የጻፈው ነው ብሎ ተርጉሟል። በኋላ የፓፒረሱ ቁራጮች ተገኙ። የግብፅን ጽሑፍ የሚያነቡ ሊቃውንት ሲያዩት ግብፃውያን ከሬሳ ጋር የሚቀብሩት የተለመደ ጽሑፍ ሆነ፤ አብርሃም የሚል የለበትም። ምትኩ የሚመልሰውን አውቅ ነበር። የጠፋ ክፍል አለ፣ ወይም ፓፒረሱ ለመገለጥ ምክንያት ሆነው እንጂ ቃል በቃል አልተረጎመውም፣ ይላሉ ምሁራኑ። እርሱ ሳይጨርስ ቀደምኩት። "በፊት ተረጎመ አላችሁ። ሊቃውንት ሲያነቡት ደግሞ አይቶ ተገለጠለት አላችሁ። በዚህ መለኪያ የማያልፍ መጽሐፍ አለ?" አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ምትኩ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሰበሰበ። በር ላይ ጠብቆኝ "ጋሼ፣ አሸነፍከኝ። ትክክል ነህ መሰለኝ። አሁን ምን ላድርግ?" አለኝ።

ወገኖቼ፣ ወንድሜ ይህን ሲጠይቀኝ ሰዎች እጄን ሊጨብጡኝ ተሰልፈው ነበር። "ወደ እውነቱ ና" አልኩትና ወደ እነርሱ ዞርኩ። ስመለስ አልነበረም።

ያን እምነት ተወ። እዚህ ተነግሮ፣ እናንተም እግዚአብሔርን አመሰገናችሁ። ለፋሲካ ማንኪራ ተገናኘን፤ አባባ ቡና ሰጡት፣ ጠጣ፤ አባባ ደስ አላቸው። ምግብ ሲቀርብ ግን ሳይጸልይ ቆረሰ። ለብቻው ስወስደው፣ እግዚአብሔር አለ ብሎ ማመን እንዳቃተው ነገረኝ። በቁጣ አልነበረም፤ የታማሚ ውጤት እንደሚያነብ ሰው ነበር ድምፁ። "ባስተማርከኝ መለኪያ የአንተንም መጽሐፍ ለካሁት" አለ።

ከዚያም ይጠይቀኝ ጀመር። ያ ሁሉ የእስራኤል ሕዝብ አርባ ዓመት በበረሃ ሲዞር የማን ሸክላ፣ የማን መቃብር ተገኘ? አለኝ። ገና አልተገኘ ይሆናል አልኩት። ቁጥሩስ? አለ። በጥንቱ ቋንቋ ሺህ የሚለው ቃል ሌላም ትርጉም ሊኖረው ይችላል አልኩት። ሦስት ዓመት ስስቅባቸው የኖርኩት የእነዚያ ምሁራን ድምፅ ከራሴ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። ምትኩም ሰምቶታል፤ ግን አልሳቀብኝም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል መጸለይ አቃተኝ። ስንበረከክ የሚመጣልኝ የክርክር ነጥብ ነው። ቃሉን ስከፍት የተቃዋሚ ዓይን ነው የሚያነብልኝ። ከዚህ መድረክ ግን አስተምራችሁ ነበር። ይቅር በሉኝ፤ ውስጤ ባዶ ነበር። ሰው በድካም ይሞታል ቢሉኝ ያን ጊዜ አምን ነበር።

ከዚያ አባባ ወደቁ። የማር ወቅት ነው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ አትውጡ ቢባሉም ቀፎ ሊያወርዱ ዛፍ ላይ ወጡ። የማንኪራ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሆስፒታል አደረሷቸው። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ እያሳየኝ የጭናቸው አጥንት ከዳሌው ሥር መሰበሩን ነገረኝ። ጂማ መሄድ አለባቸው፣ በዚህ ዕድሜ ግን ተመልሰው ላይቆሙ ይችላሉ፣ ለዚህ ተዘጋጁ አለ። ምትኩ ከቢታ ደረሰ። ጠዋት ነበር፤ መኪና እስኪመጣ በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመን እንጠብቃለን። ከዚያ ፋሲካ ወዲህ እንደ ድሮው አውርተን አናውቅም።

አባባ ዓይናቸውን ገለጡና "እስቲ ጸልዩልኝ" አሉ።

እኔ ምትኩን አየሁ። ምትኩ እኔን አየኝ። ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። እኔ፣ የእናንተ አስተማሪ፣ ለአባቴ አንድ ቃል ጠፋኝ። አባባ እጃቸውን አንዱን በእኔ፣ አንዱን በምትኩ ላይ አድርገው፣ ራሳቸው በከፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ጸለዩ። "ጌታዬ፣ ሁለት ልጆች ሰጥተኸኛል። ደክመዋል። አንተ ያዛቸው።" ይኸው ነው። ስለ እግራቸው አንድም ነገር አላነሡም።

እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ። መጀመሪያ የተናገርኩት ለእግዚአብሔር አልነበረም፣ ለምትኩ ነው። "ይቅር በለኝ። ልመልስህ አልነበረም የምከራከርህ፤ ላሸንፍህ ነበር" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር" አለኝ።

እያወቀ ነው በዚያ ጭቃ የመጣልኝ። ያኔ አለቀስኩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ጸለይኩ። ጌታ ሆይ፣ በስምህ ራሴን ሳገለግል ኖሬያለሁ፣ ማረኝ አልኩ። ራእይ አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ከአራቱ ደብተር ውስጥ ለአንዱ ጥያቄ እንኳ መልስ አልመጣልኝም። ነገር ግን እንደተሰማሁ አወቅኩ። ከተነሣሁ በኋላም ያ እርግጠኝነት አብሮኝ ነበር። ስሙ የተመሰገነ ይሁን።

አባባ ጂማ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ለወራት ተኙ። እኔና ምትኩ እየተፈራረቅን አጠብናቸው፣ አገላበጥናቸው፤ እርሱ ያስተምረኝ ነበር፣ ሥራው ነውና። በመጨረሻው ቀጠሮ ሐኪሙ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይቆማሉ ብሎ እንዳልጠበቀ ነገረን። ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። የሐኪሞቹን እጅ ጌታ ይባርክ። ክብሩ ግን የእርሱ ነው።

አሁን የምትጠብቁትን አውቃለሁ። ምትኩስ? ትሉኛላችሁ። ምትኩ አልተመለሰም። ወደዚያ መጽሐፍም፣ ወደዚህ ቤትም። ስለ መጽሐፉ ከጠየቃችሁኝ፣ ዛሬም ከጥንት የመጣ አይመስለኝም፤ ያነበብኩትን አልካድኩም። ግን ወንድሜ ያን መጽሐፍ ይዞ ይጸልይ ነበር፤ እኔ ከእጁ ስነጥቀው በፋንታው የሰጠሁት ጭብጨባ ነበር። ይህ እስካሁን ያመኛል። ይቅርታ ተደርጎልኛል፣ ሕመሙ ግን አለ።

አንዳንድ ጊዜ ከጤና ጣቢያው ይደውልልኛል። "ጋሼ፣ ምጥ የጠናባት እናት አለች፣ ጸልይላት" ይለኛል። ራስህስ አልለውም። እጸልያለሁ። ባለፈው ሳምንት ልመሰክር ነው፣ ስምህን ላንሣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። "አንሣ። አሸነፍኩት ግን አትበል" አለኝ። አላልኩም፣ ምትኩ።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ ውስጥ በሌላ እምነት ያለ፣ ወይም እምነቱን የጣለ ወንድም፣ እኅት፣ ልጅ ያለው ብዙ ነው። መልስ ሳትይዙ ሂዱና ጎብኙት። እግዚአብሔርን ታመኑት፤ እርሱ እኛ ስለተከራከርንለት አይደለም የቆመው። እኔን ተከራካሪውን ከታገሠ፣ እነርሱንም ይታገሣል። ወደ ቢታ ገነት የምትሻገሩ ነጋዴዎችም አላችሁ፤ በጤና ጣቢያው ስታልፉ ምትኩን ሰላም በሉልኝ። ስለ እምነቱ አትጠይቁት። የአባባ እግር እንዴት ሆነ ብላችሁ ጠይቁት፤ ደስ ብሎት ያወራችኋል።

ስለሰማችሁኝ ጌታ ይባርካችሁ። እኔ ልቀመጥ።