ባሕር ማዶ ስለሚማሩ ልጆች

እትዬ ከድጃ መቀመጥ የሚባል ነገር አታውቅም። ነፋስ ስልክ ጉልት ላይ በርበሬ ስትሸጥ እንኳ አንዴ ትነሣለች፣ አንዴ መንገዱን ታያለች፣ ደንበኛ አቁማ ቀበሌ ድረስ ትመጣለች። የምትመጣው ወደ እኔ ነው።

"በንቲ፣ ደብዳቤ መጣ?"

"አልመጣም እትዬ።"

"ደህና አድርገህ አይተሃል?" ደብዳቤውን ሸሽጌ የበላሁባት ይመስል ትገላምጠኛለች።

ባሏ ኦጋዴን ዘምቶ እዚያው ቀረ። በዓመቱ የስምንት ዓመት ልጇን ኑሪን መንግሥት ከሌሎች የዘማች ልጆች ጋር ኩባ ወስዶ ትምህርት ቤት አስገባው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። እሷ ማንበብ ስለማትችል ደብዳቤዎቹን የማነብላት እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነኝ። ከመስከረም ወዲህ ግን አንድም አልመጣም። ልጄ ይመለሳል ወይስ እንደ አባቱ ቀረ የሚለው ሐሳብ ዕረፍት ነሥቷታል።

በ1977 መጋቢት ላይ ለእሑድ ውይይት የሚሆን ፊልም ተላከልን። ጃፓን አገር ተወልደው፣ በራሳቸው ትምህርት ቤት በራሳቸው ቋንቋ ስለሚማሩ የኮሪያ ልጆች ነው። ማስታወቂያውን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቦታ ሲያንሰኝ "ባሕር ማዶ ስለሚማሩ ልጆች ፊልም" ብዬ ቆረጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለከድጃም አንድ ሰው ያንኑ አነበበላት።

እሑድ ከሰዓት የአዳራሹ መስኮቶች በብርድ ልብስ ሲሸፈኑ፣ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንድ ከረጢት በሶ ታቅፋ መጣችና ከፊት ተቀመጠች። ፊልሙን ያመጡት ሰዎች ለኑሪ ያደርሱልኛል ብላ ነው። ነገሩ የገባኝ ይህን ጊዜ ነው። ሄጄ ልነግራት ይገባ ነበር፤ ፈራሁ።

የፊልሙ ድምፅ በኮሪያኛ ስለሆነ እኔ ከጎን ቆሜ፣ በባትሪ እያበራሁ፣ አብሮ የተላከውን ትርጉም በማይክራፎን አነባለሁ። አንዱን ገጽ ስጨርስ ገልብጬ ጀርባውን እቀጥላለሁ። ልጆቹ በተርታ ተቀምጠዋል፤ መምህርቷ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ታስጠናቸዋለች። ከድጃ ተነሥታ ሸራው ሥር ሄደች። ፊታቸውን አንድ በአንድ ትፈልጋለች፤ ጥላዋ ግማሹን ክፍል ሸፈነው። "ኧረ ሴትዮ ተቀመጪ!" ተባለች። ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሣለች። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቤቱ ገባና እናቱ ሩዝ አቀረበችለት።

"በንቲ!" ብላ ጮኸች። "እነዚህ ልጆች ሲመሽ ቤታቸው ይገባሉ?"

"ይገባሉ" አልኩ፣ ማይክራፎኑን እንደያዝኩ።

"ታዲያ ምኑ ነው ባሕር ማዶ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የመጣው ካድሬ ብቻ ፊቱን አጠቆረ። እኔም የምስቅበት አንጀት አልነበረኝም።

ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀችኝ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት የመስከረሙን ደብዳቤ ከጉያዋ አወጣች።

"የዛሬውን ወረቀት እየገለበጥክ ጀርባውን ስታነብ አየሁህ" አለች። "የልጄን ግን አልገለበጥከውም። ጀርባው ላይም ጽሑፍ አለ።"

እውነቷን ነው። ያን ቀን ጀርባውን በዓይኔ ብቻ አንብቤ፣ አጥፌ ሰጥቻታለሁ። ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር። ምን አግብቶኝ!

"አንብብ።"

አነበብኩላት። "እማዬ፣ ስልጥኛ ጠፍቶብኛል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ላስታውስ ስሞክር ሦስት አራት ቃል ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ስመጣ የምትዪኝ ሳይገባኝ ቢቀር እንዳትቀየሚኝ።"

ታለቅሳለች ብዬ ዓይኔን ከወረቀቱ አላነሣሁም። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"'ስመጣ' ይላል?"

"ይላል።"

"ከመስከረም ጀምሮ ጉያዬ ውስጥ ነበር በለኛ!"

አዎ ከማለት በቀር ምን እላታለሁ።