እስከ መርከቡ

ዓርብ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት የአባቴ ታላቅ ወንድም ጎንደር ቤታቸው ውስጥ አረፉ። የኑግ ነጋዴ ነበሩ። ለባሕር ማዶ ገዥ የሸጡት ጭነት መጋዘናቸው ውስጥ እንደተከመረ ነው።

ሲዋዋሉ ከዋጋው አስቀድመው፣ «ዕቃው ቢበላሽ እስከ የት ድረስ ነው ኃላፊነቱ የእኔ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እስከ መርከቡ ከተባለ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠው ምጽዋ ይወርዳሉ። መርከቡ ላይ ወጥተው በመጨረሻው ጆንያ ላይ መዳፋቸውን ያሳርፉና፣ «በሉ፣ ከዚህ በኋላ የእናንተ ነው» ብለው እጃቸውን ያነሣሉ።

አንድ ክረምት ሊማሊሞ ላይ ዝናብ ጭነቱን አበሰበሰው።

«አያ፣ ሸጠውታል እኮ! ምነው ይጨነቃሉ?» አላቸው ሾፌሩ።

«ሊማሊሞ ላይ መርከብ ታየህ?» ብለው ሣቁ። ወዲያው ጎንደር ተመልሰው ደረቅ ኑግ አስጫኑ።

ይኸው ሾፌር ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ፣ «አያ የሚቀመጡበት ቦታ እንግዲህ ባዶውን ሊሄድ ነው?» አለን።

«ውሉ እስከ መርከቡ ነው» አለች ሴት ልጃቸው።

ሰኞ ማለዳ መኪናው ኑጉን ጭኖ ወደ ምጽዋ ተነሣ። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠችው ልጃቸው ናት።