የእድሩ ጡሩምባ ነፊና የቢንጎው ካርድ

ዛሬ የማላውቀው ጎረምሳ ስልኬ ላይ ብቅ ብሎ «በእኔ ኮድ ገብተህ ተወራረድ» ሲለኝ በጣቴ አጠፋዋለሁ። አይከብደኝም፤ አያውቀኝም፣ አላውቀውም። በ1989 ዓ.ም. ላፍቶ ውስጥ ግን ቁማር ደጃችን የመጣው በበኃይሉ እግር ነው። በኃይሉን ደግሞ ከደጁ የሚመልስ ሰው በሰፈራችን አልተፈጠረም።

በኃይሉ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ያንን የላፍቶ ጭቃ እየረገጠ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ተዝካርም የሚጠራው እሱ ነው። ስም አሳስቶ፣ ሰዓት አዛብቶ አያውቅም። ቀልድም ይወዳል። «ስጠራችሁ የማትመጡት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የራሳችሁ ቀን» እያለ ያስቀን ነበር። ካረፈ አሥር ዓመት አልፎታል፤ ነፍሱን ይማረው።

በዚያው በ1989 ሚሳኤል የሚባል ነጋዴ አስፋልቱ ዳር ቢንጎ ቤት ከፈተ። መጀመሪያ ወረቀት አስበተነ፤ ሴቶቹ በርበሬ ቋጠሩበት። ቀጥሎ ፒካፕ ላይ ድምጽ ማጉያ አስሮ ሦስት ቀን አስጮኸ፤ ውሻ ከማስቆጣት በቀር የፈየደው የለም። በመጨረሻ በኃይሉን አስጠራው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰፈር የሚሰማው የእርስዎን አፍ ነው» አለው።

የእሱ መሆናቸው እንዲለይ ጀርባቸው ላይ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጭረት ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች ሰጠው። ካርዱን ይዞ ለገባ ሰው የመጀመሪያው ካርቴላ፣ ቁጥር የታተመበት የመጫወቻ ወረቀት፣ በነፃ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ከሚጫወተው ለበኃይሉ ድርሻ ይታሰብለታል። በኃይሉ አምስት ልጆች ነበሩት፤ እድሩ የሚሰጠው የጫማውን ሶል እንኳ አያስለውጥም። ተቀበለ። እኔም ብሆን እቀበል ነበር፤ እዚህ ቁጭ ብዬ ጻድቅ ልሁን አልልም።

ጡሩምባውን አልነፋበትም፤ እዚያ ድረስ አልደፈረም። ግን በር ሲያንኳኳ ያው በኃይሉ ነው። «ሻይ ትጠጣላችሁ፣ ትስቃላችሁ፣ ቁጥር ሲጠራ ካርቴላው ላይ በቆሎ ጣል ማድረግ ብቻ ነው» ይላል። ሰዉ ገባ። ለእኔ ካርዱን የሰጠኝ እንጨት ወደምሠራበት አናጢ ቤቴ መጥቶ ነው። ሥራዬን ጥዬ ገባሁ።

የጎረቤታችን የፀሐይወርቅ ባል ማሞ የሞተው በጥር ነው። ሞቱን የነገረንም በኃይሉ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሊጠይቃት ቢገባ፣ መስኮቱን ዘግታ ግድግዳ ግድግዳውን እያየች አገኛት። እድሩ ብሩን እንደከፈላት ያውቃል፤ ጡሩምባ ነፊ ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ይህን አስልቶ አደረገው አልልም። ከልቡ አዝኖላት ነበር። ብቻ እጁ ኪሱ ገባ።

«ፀሐይዬ፣ ብቻሽን አትቆዝሚ። ወጣ በይና ሰው መሀል ተቀመጪ» ብሎ ካርዱን ሰጣት።

«በጥቁር ልብሴ ቢንጎ ቤት? ነውር አይደለም ጋሽ በኃይሉ?»

«እኔ ልኬሽ ማን ምን ይላል?»

እውነቱን ነው፤ ማንም ምንም አላለም። የመጀመሪያ ቀን አሸነፈች፤ ከቀብሩ ወዲህ ጥርሷን ያየነው ያን ቀን ነው። ከዚያ በየቀኑ መጣች። አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። ከመቀነቷ እየፈታች የምታወጣው ለማሞ አርባ ያስቀመጠችው የእድር ብር መሆኑን አውቃለሁ። «ይብቃሽ» ብላት ምን ነበረበት? ምን ምላሴን ያዘው? የራሴን በቆሎ እደረድር ነበር።

አርባው ሁለት ሳምንት ሲቀረው በኃይሉ ሰፈሩን ዞሮ ተዝካሩን ጠርቶ ነበር። በዚያው ሰሞን ፀሐይወርቅ ቤቱ መጣች። የሆነውን የነገረችኝ ሚስቱ ገዲሴ ናት።

«ጋሽ በኃይሉ፣ ተዝካሩ ቀርቷል ብለህ ንገርልኝ» አለችው።

«ምነው? ምን ሆነሽ?»

«የምደግስበት የለኝም። የት እንደገባ አንተ ታውቃለህ።»

በኃይሉ ተነሳ። ከጣሳ ውስጥ ከሚሳኤል ያገኘውን ድርሻ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠ። ቀና ብላም አላየችው።

«በዚህ ብር ለማሞ ነፍስ ጠላ አልጠምቅም» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ካርዶቹን ለሚሳኤል መለሰና ባዶ እጁን ሲዞር ዋለ። የጠራውን ሰው መልሶ ሲያስቀር ያን ቀን ብቻ አየሁት። ደጃችን ሲደርስ ባለቤቴ ሣራ ከፈተችለት፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«የማሞ አርባ ቀርቷል» አለ።

«ምነው? በደህና ነው?»

ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «ፀሐይወርቅን... አሟታል።»

ሣራ ደረቷን ደቃች። አመነችው፤ ከእኛ በፊት የደረሰባቸው ደጆችም አምነውታል። ያ አፍ ሲዋሽ ሰምተን አናውቅማ! በኃይሉ ቀና አለና በሣራ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ማወቄን ያውቃል። እውነቱን እንዳወጣለት እየለመነኝ ይመስለኛል፤ ዛሬም ድረስ እንዲህ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ ሰፈሩ ጥቂት አጉረምርሞ፣ አዋጥቶ ተዝካሩን ያወጣላት ነበር። ለዚህ ለዚህ ላፍቶ ሰነፍ አልነበረም። ግን ሣራ ቢንጎ ቤት ሳይሆን አናጢ ቤት የምውል ይመስላታል።

«እግዜር ይማራት» አልኩ።